«ዘ ኢቭል ዴድ» (1981)፦ ደሙ፣ የሚረጨው ቁስልና የሚቀልጠው ገላ እንዴት ተሠሩ? ለአጭር ፊልም የሚሆነንስ የቱ ነው?

ጥቁር መጋረጃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ12 ደቂቃ አስፈሪ ፊልም እያዘጋጀን ነው። መማሪያ ያደረግነው ሳም ሬይሚ በትንሽ ገንዘብ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ቴነሲ ግዛት ሞሪስታውን አጠገብ ባለች የጫካ ጎጆ ውስጥ የቀረጸውን «ዘ ኢቭል ዴድ»ን ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ ደም አንፈልግም፤ ሁሉም ነገር ካሜራው ፊት እንዲሆን ነው ሐሳባችን። የተቸገርንባቸው እነዚህ ናቸው፦

ደማችን ባልዲ ውስጥ ሲያዩት ያምራል፤ ተዋናዩ ፊት ላይ ሲፈስ ግን ካሜራው ሮዝ አድርጎ ያሳየዋል። በሽሮፕና በቀይ የምግብ ቀለም ነው የሠራነው። ቀለሙን እጥፍ ብናደርገውም ለውጥ የለም።

ከተቆረጠ ክንድ ደም ተወርውሮ እንዲወጣ እንፈልጋለን፤ ቱቦውን የት እንደበቀው?

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ገላቸው እየበሰበሰ የሚፈርስበት ትዕይንት አለ። ከዚያ 10 ሰከንድ እንኳ ብናገኝ ይበቃናል። ነጩን ዓይንስ እንዴት አድርገው ሠሩት?

ቀይ ባልዲ

ሌላው ሁሉ የሚቆመው ደሙ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የእናንተ ችግር የቀለም ማነስ አይደለም። ሽሮፕ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ ቀይ ቀለም ቢገባበትም ብርሃን ማሳለፉን አይተውም። ባልዲ ውስጥ ጥልቀት ስላለው ጠቆር ብሎ ይታያል። ቆዳ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሆኖ ሲሳሳ ግን ብርሃኑ ያልፈውና ከቆዳው ነጥሮ ይመለሳል፤ ሮዝ የሚያደርገው ይሄ ነው። እውነተኛ ደም ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ብርሃኑን ስለሚበትኑትና ስለሚያስቀሩት ቢሳሳም ቀይነቱን ይይዛል። ስለዚህ የጎደላችሁ ድፍንነት ነው፤ እሱን የሚሰጠው ደግሞ የማይሟሟ ዱቄት ነው።

ለ1 ሊትር የበቆሎ ሽሮፕ የሚከተለውን ያዙ፦ ለብ ያለ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር፣ ፈሳሽ ቀይ የምግብ ቀለም 50 ሚሊ ሊትር፣ ቢጫ 15 ሚሊ ሊትር፣ ያልጣፈጠ የካካዋ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ሰማያዊ ከ2 እስከ 4 ጠብታ። ቢጫው ለምን ቢባል፣ ብዙዎቹ ቀይ የምግብ ቀለሞች ወደ ሮዝ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ስለሚያዘነብሉ ወደ ደም መልሶ የሚያመጣቸው እሱ ነው። ሰማያዊው የሚያጠቁር ስለሆነ መጨረሻ ላይ፣ በጠብታ ብቻ ይግባ፤ አንዴ ካለፈ መመለሻ የለውም።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ካካዋውን በቀጥታ ሽሮፕ ውስጥ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፤ ፊት ላይ ደግሞ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያ ከውሃው ጋር ሊጥ እስኪመስል አሹት፣ በቀጭን ጨርቅ አጥልሉት፣ ቀለሞቹን ጨምሩ፣ ሽሮፑን መጨረሻ ላይ ቀስ እያላችሁ ቀላቅሉ። በኃይል ከተመታ አረፋ ይይዛል፤ አረፋው እስኪወጣ ለሰዓታት ማስቀመጥ ይኖርባችኋል።

አፍ ውስጥ ለማይገባ ደም ከካካዋው ሌላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዚንክ ኦክሳይድ ብትጨምሩ ድፍንነቱ ይበልጥ ይጠነክራል። ከዚያ በላይ ግን ሮዝነቱን በሌላ በር መልሶ ያመጣዋል፣ ነጭ ዱቄት ነውና። ደሙ ወዝ ካለው ቆዳ እየሸሸ በጠብታ ከቆመ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩበት፤ ተዘርግቶ ይወርዳል። የሜካፑ ሊቅ ዲክ ስሚዝ ለዚሁ ሥራ የፎቶ ማጠቢያ ኬሚካል ይጨምር ነበር፤ ያ መርዝ ስለሆነ አፍ አይነካም። አፍ ለሚገባው ደም ዕቃው ሁሉ የሚበላ ብቻ መሆን አለበት። ሁለቱን በተለያየ ቀለም ጠርሙስ አስቀምጡና በትልቁ ጻፉባቸው።

አሁን ካሜራው። ዋይት ባላንሱ (የካሜራው የቀለም ሚዛን ማስተካከያ) አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬሙ በቀይ ሲሞላ ካሜራው ሊያስተካክል ብሎ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይጎትተዋል፤ ደሙም ይሞታል። በምትቀርጹበት መብራት ሥር ነጭ ወረቀት አሳይታችሁ ቆልፉት። ደሙን የምትፈትኑትም በዚያው መብራትና በዚያው ሌንስ፣ ተዋናዩ ቆዳ ላይ እንጂ ነጭ ሳህን ላይ አይሁን።

ስኳር ሲደርቅ ድንጋይ ነው። በ«ዘ ኢቭል ዴድ» ቀረጻ ላይ የዋናው ተዋናይ የብሩስ ካምፕቤል ሸሚዝ ሽሮፑን ጠጥቶ እሳት አጠገብ ሲደርቅ ተሰብሯል። ለረጅም ትዕይንት በሊትር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ጨምሩ፤ መድረቁን ያዘገየዋል። ቦታው ብርድ ከሆነ ሽሮፑ ስለሚወፍር ጠርሙሱን ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ለተዋናዩም ምሕረት ነው። ቀለሙ ቆዳ እንዳይይዝ አስቀድማችሁ ስስ ቫዝሊን ቀቡ፤ የቀረውን የጺም መላጫ አረፋ ያነሳዋል።

ቱቦና ቫልቭ

ለሚረጨው ደም የቀይ ባልዲን ወፍራም ድብልቅ አትጠቀሙ፤ ቱቦ ውስጥ አይሄድላችሁም። ለብቻው ቀጭን አዘጋጁ፦ ሽሮፕ 300 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 700፣ ቀለሙን ደግሞ እጥፍ አድርጉት። የሚረጭ ደም አየር ላይ የሚታየው ለቅጽበት ስለሆነ ድፍንና ጠቆር ያለ ካልሆነ ካሜራው ውሃ ያደርገዋል። ካካዋው ስለሚዘቅጥ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ነቅንቁት። ውሃ የበዛበት ደም ቶሎ ይበላሻል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጋችሁ በሁለት ቀን ጨርሱት።

ለልብ ምት ዓይነት ምንጭታ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅና የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ይበቃል። አንድ ሰው ከፍሬም ውጭ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይገፋል፤ የመጀመሪያው ጠንካራ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ደካማ ይሁን። ተመልካች ሰውየው እየሞተ መሆኑን የሚያነበው ከዚህ መድከም ነው፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ የተሰበረ ቧንቧ ይመስላል። ብዙ ደም ለሚፈስበት ደግሞ ባለ 5 ሊትር በእጅ የሚሞላ የአትክልት መርጫ ወስዳችሁ አፉን ፍቱና 8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግጠሙበት። ግፊቱና ርዝመቱ እኩል ሆኖ የቱቦው ስፋት እጥፍ ቢሆን፣ ፈሳሹ በጸጥታ እስከሄደ ድረስ የሚወጣው መጠን ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ደሙ ደከመ ብላችሁ ግፊት ከመጨመራችሁ በፊት ቱቦውን አስፉት፣ አሳጥሩትም።

አየር የሁሉም ጠላት ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ መጀመሪያ ይተፋል፣ አረፋ ይረጫል፣ ከዚያ ነው ደም የሚመጣው። ጫፉ ላይ ጠብታ እስኪታይ ሙሉት፣ በመቆንጠጫ ያዙት፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ «አክሽን» ሲባል ልቀቁት።

ክንዱን በተመለከተ፣ ተዋናዩ ክንዱን ከክርኑ አጥፎ እጁን ትከሻው አጠገብ ሰፊ እጅጌ ውስጥ ይደብቃል፤ ሰው ሠራሹ ጉቶ የታጠፈው ክርን ላይ ይታሰራል። ቱቦው ከወገብ ተነሥቶ በጀርባና በብብት በኩል በሕክምና ፕላስተር ተለጥፎ ጉቶው መሐል ይወጣል። ክርኑ ወደ ካሜራው ይጠቁም እንጂ በጎን አታሳዩት፤ በጎን ሲታይ ውፍረቱ ያጋልጣል። ወደ ዓይን አታነጣጥሩ። የታመቀ ጋዝ ያለበትን ሲሊንደር ደግሞ ፈጽሞ ከቱቦው ጋር አታገናኙ፤ መጋጠሚያው ሲፈናጠር ሰው ይጎዳል።

ክንዱን ራሱን ለመቅረጽ ሻጋታው በአልጂኔት (የጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ቅርጽ የሚወስዱበት፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ይወሰድ። ጀሶ በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ሲጠነክር ይግላል፣ እጅ ውስጡ ተነክሮ ከቆየ ክፉኛ ያቃጥላል። አልጂኔት ሲደርቅ ስለሚጨማደድ በዚያው ሰዓት ውስጥ ሙሉት።

አንጀት ከፈለጋችሁ የእንስሳ አንጀት ይቅርባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው «ዴይ ኦቭ ዘ ዴድ» ላይ የእውነተኛ አንጀት ነበር የተጠቀሙት፤ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ስለነበር ሽታው ቀረጻው ቦታ የነበሩትን ሁሉ አስመርሯል። ቀጭን የናይለን ስቶኪንግ ውስጥ ጥጥ ሙሉ፣ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ላላ አድርጋችሁ በክር እሰሩት፣ ሮዝና ግራጫ ቀለም የገባበት ፈሳሽ ላቴክስ (ሲደርቅ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ጎማ) ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ እያንዳንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ። ከቀረጻ በፊት ደምና ግሊሰሪን አልብሱት። ላቴክስ አሞኒያ ስላለው መስኮት ይከፈት፤ ለላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው መኖር አለመኖሩንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሃያ አራት ፍሬም

የሚበሰብሰው ገላ በቶም ሱሊቫንና በባርት ፒርስ እጅ የተሠራ ስቶፕ ሞሽን (ቅርጹን ጥቂት በጥቂት እየለወጡ አንድ በአንድ ፎቶ ማንሣት) ነው። ፍሬም በፍሬም ተነሥቶ በመካከሉ በቀጥታ የተቀረጹ ቁርጥራጮች ገብተውበታል። ያንን መቀላቀል አጥብቃችሁ ያዙት፤ ስቶፕ ሞሽኑ ብቻውን 10 ሰከንድ ከቆመ ዓይን ዘዴውን ይለምደዋል። ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ስቶፕ ሞሽን፣ ከዚያ በቀጥታ የተቀረጸ የሚንቀጠቀጥ እጅ ወይም ወለል ላይ የሚወድቅ ሥጋ፣ ከዚያ እንደገና ስቶፕ ሞሽን።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፊልማችሁ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነና እያንዳንዱን አቋም ሁለት ፍሬም ካቆያችሁት ለሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል። 6 ሰከንድ ማለት 72 ፎቶ ነው። የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ አድርጋችሁ ያዙት።

ጭንቅላቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ሥሩት፦ የፕላስቲክ የራስ ቅል፣ በላዩ ጠቆር ያለ ቀይ ክሌይ (የቅርጽ መሥሪያ ጭቃ) ለጡንቻ፣ በላዩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የቆዳ ቀለም ያለው ክሌይ። ዘይት ያለውን፣ የማይደርቀውን ዓይነት ውሰዱ። በየፎቶው ጥቂት ታነሣላችሁ፤ በመጀመሪያዎቹ 20 ፎቶዎች ከ1 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ለውጥ፣ ከዚያ እያፈጠናችሁ። ዓይኑ ቀድሞ ይስመጥ፤ መንጋጋው መጨረሻ ላይ ይውደቅ። ከተገላበጠ ቀሪው የሚያስደነግጥ አይሆንም፤ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይን ነውና።

የሚያበላሸው ብልጭልጭታ ነው፤ ምንጩም ብዙ ነው። የመስኮት ብርሃን ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ ፎከስ፣ ዋይት ባላንስ ሁሉም በእጅ ይቆለፉ። ይህም ሆኖ ብልጭ ካለ ጥፋቱ የሌንሱ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ሌንስ ለእያንዳንዱ ፎቶ ተዘግቶ ሲከፈት በትክክል ያው ቦታ ላይ አይመለስም። በእጅ የሚዞር አፐርቸር ያለው የድሮ ሌንስ ይህን ይፈታል። የምትሠሩት ሰዎች ጥቁር ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ ብርሃን እየመለሰ ፎቶውን ያለዋውጣል። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፣ የሚግል አምፖል ክሌዩን ያለሰልሰዋል። የትራይፖዱን እግሮች ወለሉ ላይ በፕላስተር እሰሩ።

ፈሳሽ ደም እዚህ አታምጡ። በሁለት ፎቶ መካከል ሲወርድ ምልክቱ ይዘላል። እርጥበት እንዲመስል ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ቫዝሊን በብሩሽ ቀቡ፤ ባስቀመጣችሁት ቦታ ይቆያል።

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላ መንገድ አለ። በልኬት እኩል የጄላቲን ዱቄት፣ ግሊሰሪንና ውሃ ወስዳችሁ ጄላቲኑን በቀዝቃዛው ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ግሊሰሪኑን ጨምራችሁ ሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡት። አይፍላ፤ ሲፈላ አረፋ ይይዛል፣ ኃይሉም ይደክማል። የፊት ሻጋታ ውስጥ አፍስሱት፤ ሲረጋ የራስ ቅሉ ላይ አልብሱትና ከፍሬም ውጭ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። በየ2 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ለ20 ደቂቃ ብታነሡ 600 ፎቶ ይኖራችኋል፤ በ24 ፍሬም 25 ሰከንድ ማለት ነው። መቅለጡ እውነተኛ ስለሆነ ያምራል፤ ግን መምራት አይቻልም፣ አፍንጫው ቀድሞ ከወደቀ ወደቀ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሻጋታ ቢያንስ ሦስት ፊት አውጡ።

የመቁረጫ ጠረጴዛ

ስለ ነጩ ዓይን፦ ያኔ የተጠቀሙት ዓይኑን በሞላ የሚሸፍን ወፍራም ሌንስ ነበር። ዓይን አየር ስለማያገኝበት ለደቂቃዎች ብቻ ነበር የሚቆየው፤ ተዋናዮቹም ምንም አያዩም ነበር። አትድገሙት። ዓይን ተለክቶ፣ ባለሙያ ያዘዘው ካልሆነ በቀር ኮንታክት ሌንስ ዓይን ውስጥ አይግባ፤ ሽሮፕና ዱቄት በሚረጭበት የቀረጻ ቦታ ደግሞ ጨርሶ አይሞከር። ዓይኑ ተጨፍኖ ሽፋኑ ላይ ለቆዳ በተፈቀደ ሜካፕ ነጭ ዓይን መሳል ይቻላል። ከጎን በሚመጣ ደካማ መብራትና ከ1 ሰከንድ ባነሰ ቆይታ በደንብ ያልፋል። ተዋናዩ ስለማያይ እጁን የሚይዘው ሰው ይመደብለት።

ከቱቦና ቫልቭ የምለይበት አንድ ነገር አለ። የተቆረጠውን ክንድና ምንጭታውን በአንድ ፍሬም ለማሳየት አትድከሙ። በሦስት ክፈሉት፦ መሣሪያው ሲወርድ (መቁረጡ አይታይም)፣ ደም ሌላው ተዋናይ ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ከዚያ ጉቶው ከ15 እስከ 20 ፍሬም ብቻ። በጣም የሚያስደነግጠው መካከለኛው ነው፤ የሚያስፈልገውም አንድ ሲሪንጅና የተዋናይ ፊት ብቻ ነው። ጉቶው 2 ሰከንድ ከቆየ የላቴክሱ ጠርዝ ይቆጠራል። ድምፁ ግማሹን ይሠራላችኋል፤ ለየብቻው ቅረጹት፣ እርጥብ ጨርቅ ሲጨመቅና አትክልት ሲሰበር።

ሬይሚ ሌላም ትምህርት ትቷል። በገላዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀይ ብቻ አይደለም፤ ነጭም አረንጓዴም ጥቁርም ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠውን ከባድ የዕድሜ ገደብ ለማለዘብ የታሰበ ነበር፤ አልሆነም፣ ፊልሙ ደረጃ ሳይሰጠው ነው ሲኒማ የገባው፣ ብሪታኒያም ቪዲዮውን ካሳደደቻቸው ፊልሞች አንዱ ሆኗል። ለዓይን ግን ትልቅ ጥቅም አምጥቷል፤ ቀይ ብቻ ለደቂቃዎች ሲፈስ ተመልካች ይደነዝዛል። በሞቀ ውሃ የወፈረ የበቆሎ ስታርች ነጩን ይሰጣችኋል። ወተት አትጠቀሙ፣ በመብራት ሥር ይገማል።

በፊልሙ ጫካውን እያቋረጠ የሚሮጠውን የካሜራ ዕይታ በመሃሉ ካሜራ የታሰረበት ረጅም ጣውላ ይሠራዋል፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ይሮጣሉ። ሰፊ ሌንስ መንቀጥቀጡን ያለዝባል፣ ፍጥነቱንም ያጎላል። የሬይሚ ተዋናዮች ቀረጻው ሳያበቃ ሄደው ሲያልቁ ደግሞ የሰውነት ክፍል ብቻ የሚታይባቸውን ፍሬሞች በምትክ ሰዎች ነው የጨረሱት። እናንተም እጅና እግር የሚታይባቸውን ፎቶዎች በሙሉ ከዋናው ተዋናይ ቀን አውጡና ለብቻ ቅረጹ።

ጥቁር መጋረጃ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ግልጽ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረን። ቤቱ የሰው ነው፣ ግድግዳው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ያለን ደግሞ ሁለት ቀን ነው። ምኑን አስቀድመን እንቅረጽ? ልብስስ ስንት ይበቃናል?

ቀይ ባልዲ

የመጀመሪያው ቀን ደም አልባ ይሁን። ንጹሕ ልብስና ንጹሕ ግድግዳ የሚታይበት ሁሉ፣ ታሪኩ ውስጥ መጨረሻ ላይ ቢመጣም እንኳ፣ አስቀድሞ ይለቅ። ሁለተኛው ቀን ከትንሽ ደም ወደ ብዙ ሂዱ፤ ምንጭታው የመጨረሻው ይሁን።

ደም ለሚነካው ተዋናይ አንድ ዓይነት ልብስ ሦስት ያዙ፦ ንጹሕ፣ በከፊል የተነካ፣ የተነከረ። ምንጭታውን ለመድገም ካሰባችሁ ለእያንዳንዱ ድጋሚ አንድ ተጨማሪ። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ተዋናዩን ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ ፎቶ አንሡ፤ ደሙ የት እንደነበር አእምሮ አይይዝም።

የምግብ ቀለም ነጭ ግድግዳ ከያዘ አይለቅም፤ በላዩ ቀለም ብትቀቡ እንኳ ሰርስሮ ሊወጣ ይችላል። ከፍሬም ውጭ ያለው ግድግዳና ወለል በሙሉ በወፍራም ላስቲክ ይሸፈን፤ መጋጠሚያው 20 ሴንቲ ሜትር ይደራረብና በፕላስተር ይታሸግ። በፍሬም ውስጥ ለሚታየው ግድግዳ አንድ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ በዚያው ቀለም ቀብታችሁ ከኋላ አቁሙና ደሙ እሱ ላይ ይረፍ። ላስቲክ ላይ የፈሰሰ ሽሮፕ በጣም ያንሸራትታል፤ መሮጫው መንገድ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም ከወለል ተነሥቶ ይታሰር።

ደሙን በሙሉ በአንድ ዕለት፣ በአንድ ትልቅ ዕቃ አዋሕዱና ከዚያ በጠርሙስ ክፈሉት፤ ለየብቻ የተቀላቀሉ ሁለት ደሞች በአንድ ትዕይንት ውስጥ ልዩነታቸው ይታያል። ኤዲቲንግ ላይ የጎደለ ቁራጭ መገኘቱ ስለማይቀር ከወፍራሙ 2 ሊትር ለይታችሁ፣ ተጣብቆ የሚከደን ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩ።